ክሊራንስ ለባዶ ማርከር

ሰሞኑን በአንድ የግል ኮሌጅ የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ማስታወቂያ ወጣ። «ፓርት ታይም መምህራን የሴሚስተሩን ክፍያ ከመውሰዳችሁ በፊት ክሊራንስ እንድታቀርቡ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ክሊራንስ ማለት የኮሌጁ ንብረት እጅህ ላይ አለመኖሩን እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምልህ ፎርም ነው። ክፍያው መቼ እንደሚወጣ ግን አይናገርም። በፓርት ታይም ያስተማራችሁ ሁሉ አሁን ፈገግ ብላችኋል። አውቃለሁ።

ለሠራ ሰው ገንዘቡን መስጠት እኮ የጉሊት ነጋዴም ያደርገዋል። ሠርቶ ለጨረሰ ሰው ፎርም፣ አምስት ፊርማና ክብ ማህተም አዘጋጅቶ መጠበቅ ግን የተማረ አስተዳደር ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የኮሌጅ አስተዳደሮቻችንን ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ሲወቀሱ እንጂ ሲመሰገኑ ሰምቼ አላውቅም።

ፎርሙ ላይ መጀመሪያ ያለው ላይብረሪ ነው። የኮሌጁ ላይብረሪ ለፓርት ታይም መምህር መጽሐፍ አያውስም። አለማዋሱንም በፊርማ ያረጋግጥልሃል። ቀጥሎ ላብራቶሪ አለ፤ ያስተማርከው ማኔጅመንት ቢሆንም ታስፈርማለህ። ከዚያ የፎርሙ ልብ ወደሆነው ወደ ንብረት ክፍል ትሄዳለህ። ማርከር ያለው እዚያ ነው።

የማርከር ፖሊሲው ይህን ይመስላል። ሴሚስተር ሲጀመር ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ፎርም ላይ ፈርመህ አንድ ሰማያዊ ማርከር ትወስዳለህ። ሲያልቅብህ ባዶውን ከነክዳኑ መልሰህ ሌላ ትቀበላለህ። ክዳኑ ከጠፋ ንብረት አጥፍተሃል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፣ ቁጠባ ነው እንበል። ችግሩ ንብረት ክፍል 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። የማታው ትምህርት 11:30 ይጀምራል። ቅዳሜና እሁድማ ንብረት ክፍሉም ያርፋል። ፓርት ታይም መምህር የሚያስተምረው ደግሞ ማታና ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

አንድ አካውንቲንግ የሚያስተምር ጓደኛዬ ታዲያ ምን አደረገ? ከስቴሽነሪ በራሱ ገንዘብ እየገዛ ሴሚስተሩን ጨረሰ። ክሊራንስ ሊያስፈርም ሲሄድ የንብረት ኃላፊዋ «ማርከሩን ይመልሱ» አሉት። አልወሰድኩም አለ። «ታዲያ ያልወሰዱትን እንዴት መለሱ ብዬ ልፈርም?» አሉት። እውነታቸውን ነው፣ እንዴት ይፈርማሉ? ከዲፓርትመንት ደብዳቤ እንዲያጽፍ ተነገረው። የዲፓርትመንት ኃላፊው ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ላይ ነበር። ሲመለስ «መምህሩ በሴሚስተሩ ምንም ዓይነት ማርከር አለመውሰዳቸውን እንገልጻለን» የሚል ደብዳቤ ተጻፈ። ቁጥር ወጣለት፣ ማህተም ተመታበት፣ ለዲን፣ ለሬጅስትራርና ለፋይናንስ ግልባጭ ተደረገ። ይህን ይዞ ሲቀርብ ፋይናንስ አንድ ብሩህ ጥያቄ አነሳ። ያለ ማርከር በምን አስተማረ? ማርከር ካልወሰደ ክፍል ለመግባቱ ምን ማረጋገጫ አለ? ክፍያው አቴንዳንስ ተጣርቶ እስኪመጣ ታገደ። ጓደኛዬ በመጨረሻ ነገሩ እንዲያልቅ ብሎ ከቤቱ ራሱ የገዛውን ባዶ ማርከር አምጥቶ አስረከበ። ኃላፊዋ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄ የእኛ አይደለም መምህር፤ የእኛ ሰማያዊ ነው፣ ይሄ ጥቁር ነው» ብለው መለሱለት።

እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ሌላ ቦታ የት ይገኛል? በአንድ ማርከር የማይታመነው ይኸው ሰው የዘጠና ልጆችን ውጤት ብቻውን ይወስናል። ያ አያሳስብም። ግሬድ ክዳን የለውም።

የሂሳብ አያያዛቸውንም ላድንቅ። የ3 ክሬዲት ሰዓት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል። የሚከፈለው ለ48ቱ ነው። ፈተና ማውጣት፣ አሳይመንት ማረም፣ በእኩለ ሌሊት «ቲቸር ግሬዴ ለምን ሲ ሆነ?» ለሚል ተማሪ መመለስ የጽድቅ ሥራ ነው። ቅዳም ሥዑር ደርሶ ኮሌጁ ሲዘጋም ክፍያ የለም፤ ሜክ አፕ (ማካካሻ ትምህርት) ግን ከፋሲካ በኋላ ይጠበቅብሃል።

ደግሞ ክብር የለም እንዳይባል። እውቅና ሰጪዎች ለግምገማ የሚመጡ ቀን ፓርት ታይሙ ይፈለጋል። የማስተርስ ዲግሪው ኮፒ ከፋይል ይወጣል፣ ስሙ በሙሉ ጊዜ መምህራን ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፣ ወንበርና ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ሻይም ይመጣለታል። በማግስቱ ጠረጴዛው ወደ ፎቶኮፒ ክፍል ይመለሳል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። የተለዩ ሁኔታዎችን ደግሞ ይዘረዝራል። ኮሌጆቻችን ያነበቡት የተለዩትን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ያንኑ ኮርስ፣ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ሰው ይዘው ለዓመታት በየሴሚስተሩ አዲስ ውል ያስፈርሙታል። ውሉም የሚደርሰው ሚድ ካለፈ በኋላ ነው።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ተማሪው የወሩን ክፍያ ቀን ካሳለፈ ቅጣት ይጨመርበታል። ካልከፈለ ፈተና አይገባም፣ ግሬዱንም አያይም። ገንዘቡ ተሰብስቧል ማለት ነው። በቅጣትም ተሰብስቧል። ታዲያ ጥቅምት ላይ ማስተማር የጀመረው ሰውዬ እስከ ሚያዝያ «በሂደት ላይ ነው» የሚባለው ለምንድነው? የቤት ኪራይ በሂደት ላይ ነው ይበል? ልጁ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትመለስስ ምን ይበላት? ይሄ አሠራር አይደለም። የሰው ላብ ይዞ መነገድ ነው። ለዘገየ ተማሪ ቅጣት ያለው ተቋም ለራሱ መዘግየት አንድ ሳንቲም ካልመደበ እንዳናፍርበት አይጠብቀን።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ግዴታ ሆነና ከግል ተቋማት የተፈተኑት አብዛኞቹ ወደቁ። በየኮሌጁ ጥፋተኛው ወዲያው ታወቀ፦ መምህሩ። ሦስት ኮሌጅ በታክሲ እየዞረ የሚያስተምር፣ ተማሪ የሚያማክርበት ወንበር የሌለው፣ መጽሐፍ የማይዋሰው መምህር። መፍትሔውም አልዘገየም። በየሳምንቱ የሚሞላ አዲስ ፎርም ወጣ።

ጓደኛዬ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ የዲፓርትመንት ኃላፊው ደወለለት።

«መምህር፣ እንዴት ነዎት? ነገ ጠዋት 2:30 ክፍል አለዎት።»

«ያለፈው ክፍያስ?»

«እሱ በሂደት ላይ ነው። ክፍል ቁጥሩን በቴሌግራም ልኬያለሁ።»

«ኮርሱ ምንድነው?»

«እሱን ገና እየተነጋገርንበት ነው። ብቻ ማርከር ይዘው ይምጡ።»