ጀማሪው የዳታቤዝ ሰርቨሩን እንዲያላላ የሚመክሩት ተሳስተዋል

በኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ፖስትግሬስኪውኤል (ባጭሩ ፖስትግሬስ) የተባለውን መረጃ የሚያከማች የዳታቤዝ ፕሮግራም መጫን የአንድ መስመር ትዕዛዝ ጉዳይ ነው። ጥቂት ደቂቃ ሲጠበቅ ሰርቨሩ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ማንም ሳያዘው ራሱ ሥራ ይጀምራል። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ጀማሪው «ፖስትግሬስ» በሚባለው ዋና ተጠቃሚ ስም ለመግባት ሲሞክር «የፒር ማረጋገጫው አልተሳካም» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ይደርሰዋል። መልእክቱን ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ በብዛት ከሚያገኛቸው ምክሮች አንዱ፣ የመግቢያ ደንቦች የተጻፉበትን ፋይል ከፍቶ «ፒር» የሚለውን «ትረስት» (እመን) በሚለው እንዲተካ የሚነግረው ነው። ይተካዋል፤ ሰርቨሩን እንደገና ያስነሣል፤ ያለ ምንም የይለፍ ቃል ይገባል። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ ጠያቂው ቶሎ ተሳክቶለት እንዲሄድላቸው ብቻ ይፈልጋሉ። ይሁንና ለጀማሪ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ የከፋው ይህ ነው እላለሁ።

ሰርቨሩ ጀማሪውን የመለሰው ተበላሽቶ አይደለም። በፒር አሠራር ፖስትግሬስ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት ነው፤ «ይህን ግንኙነት የከፈተው ሰው በኮምፒውተሩ ላይ በምን ስም ነው የገባው?» ይላል። በኮምፒውተሩ ላይ «አበበ» ሆኖ የገባ ሰው በዳታቤዙ «ፖስትግሬስ» ነኝ ሲል ስሞቹ ስለማይገጥሙ ይመለሳል። መፍትሔውም ከዚሁ የሚወጣ ነው፦ በሌላ ተጠቃሚ ስም ለማዘዝ በሚያስችለው በሱዶ አማካይነት አንድ ጊዜ የፖስትግሬስን ተጠቃሚ ሆኖ መግባት፣ ከራስ የሊኑክስ ስም ጋር አንድ የሆነ የዳታቤዝ ተጠቃሚ መፍጠር፣ ለዚያ ተጠቃሚ የራሱን ዳታቤዝ መስጠት። ከገቡ በኋላ ሁለት ትዕዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ አበበ የገዛ ዳታቤዙን ያለ ይለፍ ቃል ይከፍታል፤ ሌላው ሰው ግን በአበበ ስም አይገባም። «ትረስት» በተጻፈበት ሰርቨር ግን ደንቡ በሚመለከተው መንገድ የመጣ ማንኛውም ሰው የፈለገውን ስም ጠርቶ፣ ሁሉን ማድረግ የሚችለውን ሱፐርዩዘርንም ጭምር ሆኖ ይገባል።

አንድ ማላላት ደግሞ ሌላውን ይጠራል። ፖስትግሬስ እንደተጫነ የሚያዳምጠው በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞችን ብቻ ነው። ጀማሪው ከቤቱ ላፕቶፕ ሆኖ ሰርቨሩን ማየት ሲፈልግ፣ የማዳመጫውን አድራሻ «ሁሉም» ወደሚለው የኮከብ ምልክት ቀይሮ፣ በመግቢያ ደንቡ ላይ 0.0.0.0/0 (ማንኛውም አድራሻ) ጽፎ፣ ፖስትግሬስ የሚጠቀምበትን 5432 ቁጥር ፖርት (የግንኙነት በር) ግንኙነትን በሚያግደው ፋየርዎል ላይ እንዲከፍት ይመከራል። እነዚህ ሦስቱ ከ«ትረስት» ጋር ሲገናኙ ዳታቤዙ የዓለም ሁሉ ይሆናል። የፖስትግሬስ ሱፐርዩዘር በሰርቨሩ ላይ የሊኑክስ ትዕዛዞችን ማስኬድ ስለሚችል የሚጠፋው መረጃ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በማያውቁት ሰው እጅ ገብቶ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ሲያመርት ሊውል ይችላል። ከላፕቶፕ ለመገናኘት ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሰርቨሩን ለማስተዳደር አስቀድሞ በተከፈተው በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር በተመሰጠረ መንገድ መግቢያ) በኩል መተላለፊያ ማበጀት በቂ ነው። ፒጂአድሚንና ዲቢቨር የተባሉት የዳታቤዝ መመልከቻ ፕሮግራሞች ይህን የሚሞሉበት ቦታ በቅንብራቸው ውስጥ አላቸው።

«ለመለማመጃ ነው፤ ማን ይፈልገዋል?» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ማንም በስም አይፈልገውም፤ የኢንተርኔት አድራሻዎችን ተራ በተራ እያንኳኩ የተከፈተ ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ሌት ተቀን ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት የተጋለጡ ሞንጎዲቢ በተባለ ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም የተያዙ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዳታቤዞች መረጃቸው ተጠርጎ በምትኩ ቢትኮይን የሚጠይቅ ማስታወሻ ተገኘባቸው። ከከፈሉት መካከልም መረጃቸውን ያላገኙ ነበሩ፤ ዘራፊው ቅጂ ሳይዝ ነበር ያጠፋው። የሞንጎዲቢ አዘጋጆች በዚያው ዓመት ማብቂያ ባወጡት 3.6 እትም ሰርቨሩ ካልታዘዘ በስተቀር ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት እንዳያዳምጥ አደረጉ። ተዘግቶ የሚመጣው ነገር እንዲህ በኪሣራ የተገኘ ሆኖ ሳለ፣ ጀማሪውን በመጀመሪያው ቀን «ክፈተው» ማለት ምን ይሉታል?

በእኛ አገር ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት የክላውድ ዳታቤዝ ለብዙ ድርጅት የማይታሰብ ስለሆነ፣ በቢሮ ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ተጭኖ የክሊኒክ ታካሚዎች ወይም የቁጠባ ማኅበር አባላት ስም ዝርዝር ይገባበታል። የትናንቱ መለማመጃ ዛሬ የሥራ ሰርቨር የሚሆነው ማንም ሳይወስን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ «ጀማሪ ነበርኩ» የሚለው መከላከያ የሚሆን አይመስለኝም። መብራት የሚቆራረጥ መሆኑም አለ። ፖስትግሬስ ለውጦችን አስቀድሞ በመዝገብ ላይ እየጻፈ ወደ ዲስክ መድረሳቸውን ስለሚያረጋግጥ፣ መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያነሣል። ለፍጥነት ሲባል ጽሑፉ ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን «ኤፍሲንክ» የተባለ ቅንብር ማጥፋት የሚለው ምክር ግን ይህንኑ ማረጋገጫ ያስቀራል፤ መብራት በሄደ ጊዜ ዳታቤዙ ከናካቴው ሊበላሽ ይችላል።

ጀማሪው ጉልበቱን ሊያውል የሚገባው አብሮ ተዘጋጅቶ በማይመጣው ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ነው። ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው ምሽት ላይ በተሳሳተው ሰርቨር ላይ የማጥፊያ ትዕዛዝ ሰጥቶ የዋናውን የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲኬድ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም የ9.2 እትም፣ ዳታቤዙ ግን የ9.6 እትም ስለነበረ በየጊዜው ሳይሳካ ይቀር ነበር፤ ስሕተቱን የሚገልጹት ኢሜይሎችም ለማንም አልደረሱም። ድርጅቱ የዳነው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ በተወሰደ ቅጂ ነው፤ በመካከል የገባው መረጃ አልተመለሰም። ይህ የደረሰው በሙያው በታወቁ ሰዎች ላይ ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚዘጋጅ ትምህርት ከመጫኛው ትዕዛዝ ቀጥሎ የዳታቤዝ ቅጂ የሚያወጣውን ፒጂደምፕን ቢያስተምር እመርጣለሁ። ትዕዛዝን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስኬደው በክሮን አማካይነት በየሌሊቱ ቅጂ ይወሰድ፤ ቅጂው በዚያው ዲስክ ላይ አይቀመጥ፤ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በሌላ ስም በተፈጠረ ባዶ ዳታቤዝ ላይ ይመለስና የሰንጠረዦቹ ረድፎች ተቆጥረው ከዋናው ጋር ይመሳከሩ።