የጎራዴውን ስለት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ

ስለ ደቡብ ፊሊፒንስ ጎራዴዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ የሞሮ (የአካባቢው ሙስሊም ሕዝቦች) እና የሉማድ (ሙስሊም ያልሆኑ የሚንዳናኦ ደሴት ነባር ሕዝቦች) ጥንታዊ ጎራዴዎችን በስለታቸው ቅርጽ ብቻ ለየጎሳው ማደሉ አልተዋጠልኝም። ክሪስ የሚባለውን በሁለት በኩል የተሳለ ጎራዴ ውሰዱ። ቀጥ ያለውም እንደ እባብ የሚጥመለመለውም በሞሮዎቹ በማራናኦ፣ በማጊንዳናኦና በታውሱግ ዘንድ አለ። ባሮንግ የሚባለው ቅጠል መሰል ጎራዴ ወደ ሱሉና ባሲላን ደሴቶች ይመራል፤ ግን ታውሱጎችም ሌሎቹ ሞሮዎች ያካኖችም ይታጠቁታል። የሚንዳናኦ ሉማዶች ጉዳይ ይብሳል። ከሉማዶቹ መካከል ባጎቦዎች ከሞሮ ጎረቤቶቻቸው ጋር ይገበያዩ ነበር። ስለቱ ከአንዱ፣ እጀታው ከሌላው ሊሆን ይችላል! እኔ ቀድሜ የማየው እጀታና ሰገባውን ነው። የሌሎቹ ሉማዶች የቲቦሊዎች የናስ እጀታ ከነትንንሽ ቃጭሎቹ ብዙ ይናገራል። ከ1899 እ.ኤ.አ. በኋላ ፊሊፒንስን የያዙት የአሜሪካ ወታደሮች ብዙ ጎራዴ ከአገሩ ይዘው ወጥተዋል። ስለዚህ የተለጠፈበትን ስም ዝም ብሎ ማመን ከባድ ነው። እባካችሁ አዘጋጆች፣ የእጀታና የሰገባውን ፎቶ ጨምሩልን።