ገንዘቡን ተከተሉ እንጂ ጉድጓዱን ብቻ አትዩ

ይህ መልስ የተጻፈለት ጽሑፍ የኢራቅ ወረራ (2003 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ኩባንያዎች የነዳጅ መስኮቹን እንዲወርሱ የተደረገ ነው ይላል። ሰበቡ ውሸት እንደነበር አያከራክርም፤ የወቅቱ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓውል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት የዘረዘረው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት እንደሌለ አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው የፍተሻ ቡድን በ2004 አረጋግጧል። ባግዳድ ስትወድቅም ብሔራዊ ሙዚየሙ ሲዘረፍ የነዳጅ ሚኒስቴር ሕንፃ በወታደር ይጠበቅ ነበር።

የመስኮቹ ውል ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በ2009ኙ ጨረታ በደቡብ ኢራቅ የሚገኘውን ግዙፉን የሩማይላ ነዳጅ መስክ ያሸነፉት የእንግሊዙ ቢፒና የቻይናው ሲኤንፒሲ ኩባንያዎች ናቸው። በበርሜል 3.99 ዶላር ጠይቀው የኢራቅ መንግሥት ያቀረበውን 2 ዶላር ተቀበሉ፤ እሱም መስኩ መጀመሪያ ከሚያመርተው በላይ ለሚጨምሩት ምርት ብቻ የሚከፈል የአገልግሎት ዋጋ ነው። 4.80 ያቀረበው የአሜሪካው ኤክሶን ቡድን በ2 ዶላር አልሠራም ብሎ ወጣ። ድፍድፉ የኢራቅ መንግሥት ንብረት ሆኖ ቀረ።

ጉዳዩ ያለው ሽያጩ ላይ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1483 ከነዳጅ ሽያጩ ገቢ 5 በመቶውን ኢራቅ ኩዌትን በመውረሯ ለሚከፈል ካሳ፣ 95 በመቶውን ለኢራቅ ልማት ፈንድ መደበ። የፈንዱ ገንዘብ የሚቀመጠው በኒውዮርኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ነበር፤ እስከ ሰኔ 2004 የወጪ ትዕዛዝ የሚሰጠውም የወራሪዎቹ አስተዳደር ነው። በላኪ ወደቦቹ ላይ አስተማማኝ የመለኪያ ቆጣሪ ስላልነበረ ስንት በርሜል እንደተጫነ በትክክል ማስታረቅ አልተቻለም፤ ኦዲተሮች ይህን ደጋግመው አንስተዋል። የኢራቅን መልሶ ግንባታ የሚቆጣጠረው የአሜሪካው ልዩ ዋና ኢንስፔክተርም በ2005 መጀመሪያ ለኢራቅ ሚኒስቴሮች የተላለፈው 8.8 ቢሊዮን ዶላር በቂ ቁጥጥር እንዳልተደረገበት ዘግቧል። ይህ የኢራቃውያን ገንዘብ ነበር፤ ጽሑፉ ግን አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም።