ሁለት መቶ ነበርን፣ ሁለት መቶ ነን

እኔ ምለው፣ የሰንጋተራውን መሥሪያ ቤታችንን አለቆች ሚያመሰግን አንድ ሰው ይጥፋ? በናታችሁ እነዚህ ሰዎች እኮ የሠራተኛ ፍልሰት ሚባለውን፣ ሰው እየለቀቀ ሚሄድበትን በሽታ በአንድ ንግግር ያዳኑ ናቸው። ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አለቃችን ማይኩን ጨበጥ አድርገው "ሐምሌ ላይ 200 ነበርን፣ ሰኔም ላይ 200 ነን፣ ፍልሰት የለም" ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ (ከአጨብጫቢው ብዙው ፕሮቤሽን፣ ማለት የሙከራ ጊዜ ላይ ነው፣ 60 የሥራ ቀኑ ሳያልቅ እጁን ሚሰበስብ ጀግና የለም)።

አንዲት የሰው ሀብት ልጅ ብቻ ተነስታ፣ የለቀቁት 80 ናቸው፣ ሚካፈለው ለአማካይ የሠራተኛ ቁጥር ነው፣ 80 ለ200 ማለት ተርንኦቨራችን (የፍልሰት መጠናችን) 40 ፐርሰንት ነው፣ ቁጥሩ ያልጎደለው በምትካቸው 80 ስለቀጠርን ነው፣ ደሞ ጡረታ የወጣውንና በገዛ ፈቃዱ የለቀቀውን ለይተን የትኛው ክፍል ላይ እንደሚበዛ እንይ አለች። ወይ ድፍረት! ወንበሩ ከሞላ ማን እንደተቀመጠበት ምን ያደርግላታል? ክፍል ማየት ደሞ ነገር ማምጣት ነው፣ የክፍሉ ኃላፊ የአለቃችን ቀኝ እጅ መሆኑን እያወቀች።

ሰው አያያዛቸውስ ብትሉ! ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ ልቀቅ ይላል፣ የሥራ ልምድም ሲጠየቅ በነፃ ይሰጥ ይላል። እነሱም ብር አልጠየቁም፣ ክሊራንስ ጨርስ ነው ያሉት። ክሊራንሱ የንብረት ክፍል፣ የፋይናንስ፣ የአይቲ፣ የቤተ መጻሕፍት ፊርማ ይፈልጋል። ቤተ መጻሕፍት የለንም። ማን ይፈርም ሲባል "በፊት የነበረችው ልጅ ነበረች" ተባለ፣ እሷ ደሞ ለቃ አስፋልቱን ተሻግራ ማዶ ያለው ባንክ ከገባች ቆይታለች፣ ሊለቅ የነበረው ባልደረባችን ምስኪን በምሳ ሰዓት ሄዶ አስፈርሟት መጣ፣ ማህተም የለውም ብለው መለሱት። እንዲህ አጥብቆ ሚይዝ መሥሪያ ቤት ከየት ይመጣል?

"ለምን ይለቃሉ?" ሚለው ፎርም ደሞ እዛው አለቃው ፊት ቁጭ ተብሎ ነው ሚሞላው፣ የሥራ ልምዱ ደብዳቤ መሳቢያቸው ውስጥ እያለ። ያው ሁሉም "በግል ጉዳይ" ብሎ ይፈርማል። ማኔጅመንቱም ፎርሞቹን ሰብስቦ አጥንቶ፣ ሠራተኛው የግል ጉዳይ በዝቶበታል ብሎ ከልቡ አዝኖ፣ የቤተሰብ ምክር ሥልጠና አዘጋጅቶልናል፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ አበል የለውም፣ የቀረ ከደመወዙ ይቆረጥበታል።