ዶሮው አይበላም

የፋሲካ ዋዜማ ማታ ከፒያሳ ወደ ቤት እየሄድኩ ታናሽ ወንድሜ ቴክስት ላከልኝ። "ዶሮው አይበላም" ይላል። በቃ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። እኔ ደግሞ ዶሮው በሽተኛ ነው፣ ይሄን በልተን በበዓል ልንታመም ነው ብዬ እየሮጥኩ ሾላ ወርጄ በዋዜማ ዋጋ (የዋዜማ ዋጋ ምን እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል) ሌላ ዶሮ ይዤ ቤት ስገባ የመጀመሪያው ዶሮ እግሩን ታስሮ ግቢ ውስጥ ጎምለል ይላል። ልጁ ለካ "ጥሬ በተንኩለት፣ አልበላ አለ" ማለቱ ነው።

በማግስቱ ምሳ ላይ ይሄ ሲወራ አጎቴ እንደ ልማዱ "ቴክስት ነው ያበላሸን፣ ድሮ ሰው ያወራ ነበር" አለ። ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ቴክስት አላበላሸንም፣ ከመጀመሪያውም ለኛ ልክ አልተሰፋም ነው የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። "አይበላም"ን አላልተህ ካነበብከው ዶሮው ምግብ እምቢ ብሏል፣ አጥብቀህ ካነበብከው ደግሞ ለመበላት አይሆንም ማለት ነው። አፍ ላይ ማንም አይሳሳትም፣ የአምስት ዓመት ልጅ ይለየዋል፣ ፊደላችን ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ከላይ ነጥብ አድርገው ማጥበቂያውን የሚያሳዩ መጻሕፍት አሉ፣ ስልክ ላይ ግን ማን ነጥብ ሲፈልግ ያመሻል? የዓለም የመጀመሪያው ቴክስት ኒል ፓፕዎርዝ የሚባል ኢንጂነር በፈረንጆቹ ዲሴምበር 3 ቀን 1992 እንግሊዝ አገር ከኮምፒውተር ላይ የላከው ነው፣ መልእክቱም "መልካም ገና" ነው። እኛ ቤት ቢደርስ ኖሮ ገናው በዓሉ ነው ወይስ "ገና ነው" ለማለት ፈልጎ ነው ብለን እንደውልለት ነበር።

ቦታውም ጠባብ ነው። አንድ ቴክስት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፣ በኛ ፊደል ስትጽፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ብዙ ቦታ ስለሚበላ 70 ብቻ ነው፣ ከዛ ካለፈ ተቆርጦ ሁለት ሆኖ ነው የሚሄደው። እስቲ እናቴን ይዘን እንቁጠር። "እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እማማስ እንዴት ናቸው፣ ወገባቸውን ተሻላቸው?" ክፍት ቦታውን ጨምሮ 54 ነው። ቴክስቱ የተጻፈበትን ጉዳይ ለመናገር የቀረህ 16 ፊደል ነው፣ እናቴ ደግሞ ገና የጎረቤት ሰላምታ አልጀመረችም። ስለዚህ ምን አደረግን፣ መጀመሪያ ሰላምታውን ጣልነው፣ ቀጥሎ ፊደሉን ጣልነውና በላቲን መጻፍ ጀመርን (የድሮዎቹ ስልኮች አማርኛ ሲላክላቸው ሳጥን ሳጥን ነበር የሚያሳዩት፣ አማራጭም አልነበረም)፣ መጨረሻ ላይ "እሺ" ብቻ ቀረች። እቺ "እሺ" ደግሞ ተስማማሁ ትሁን፣ ተናድጃለሁ ትሁን፣ ወይ ተወኝ ማለት ትሁን የላከው ብቻ ነው የሚያውቀው። ለአማትህ "እሺ" ብለህ ላክና ውጤቱን እይ።

አጎቴ የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ቴክስት ተዘግቶ እስከ 2000 መባቻ፣ ሁለት ዓመት ያህል አልነበረንም እኮ። ታዲያ ያኔ ቁጭ ብለን አወራን? ሚስኮል ነበር የምንደራረገው! አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ደርሻለሁ፣ ሁለቴ ከሆነ ውጪ። ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ቀጥረህ ስልክህ ስትጮህ እንዳታነሳ የምትለመንበት ዘመን ነበር፣ ካነሳህማ የደዋዩ ብር ሄደ።

አሁን የሆነውን ያየ ሰው ግን ይገርመዋል። አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙና እዩ፣ ግማሹ ሰው ስልኩን እንደ ዳቦ አጋድሞ አፉ ስር ይዞ ያወራል። ቮይስ ነው። ቴሌግራም ከመጣ ወዲህ መተየብ የሰለቸው ሁሉ፣ መጻፍ የማይችለውም ጭምር፣ ወደ አፉ ተመለሰ፣ ሰላምታውም ማጥበቅ ማላላቱም አብሮ ተመለሰ። ችግር የለውም አልልም። ቮይስ የሚላክልህ ሁሌ ስብሰባ ላይ ስትሆን ነው፣ የአካውንት ቁጥር በቮይስ የሚልክ ሰው ደግሞ ምን እንደሚባል አላውቅም፣ አስራ ሦስት ዲጂት ለመጻፍ አራቴ ነው የምትሰማው። ቁጥርና አድራሻ በጽሑፍ ይሁን፣ ዶሮ ግን በቮይስ።

እናቴ ቮይስ የተማረችው አምና ነው። እስካሁን ስልክ የተደወለ ነው የሚመስላት። ትናንት ማታ አራት ኪሎ ሰልፍ ላይ ሆኜ ከፈትኩት፣ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው። "ሄሎ? ሄሎ? ይሰማል?" ብላ ጀመረች፣ "እንዴት ዋልክ ልጄ?" አለችና ዝም አለች፣ እንድመልስ እየጠበቀችኝ ነው። ከኋላዋ ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። ትንሽ ቆይታ "ምነው ዝም አልክ፣ አመመህ እንዴ?" ስትል ሳላስበው "ኧረ ደህና ነኝ እማዬ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ትከሻዬን መታ አደረገኝና "ወንድም፣ ሰልፉ ሄደ እኮ" አለኝ።