በእግሩ ያልሄደው ዕንቁላል

በፋሲካ ማግስት ጠዋት ወተት ላሞቅ ማይክሮዌቩን ብከፍተው ጣሪያውም ግድግዳውም በዶሮ ወጥ ተለስኖ ጠበቀኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሌሊት ተነሥቶ የተረፈውን ወጥ ከነዕንቁላሉ፣ ያለ ክዳን፣ አሙቆ ኖሯል። ለምን እንዳልከደነው ብጠይቀው «ጋሼ፣ ዕንቁላሉ በራሱ ፈነዳ እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?» አለኝ።

ያናደደኝ ይህ «በራሱ» የሚለው ቃል ነው። ማይክሮዌቭ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያናወጠ የሚያሞቅ ዕቃ በመሆኑ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል ሲገባበት በአስኳሉ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመጠን በላይ ይግላል፤ ነጩ ደግሞ አፍኖ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወይ እዚያው፣ ወይም ይባስ ብሎ ገና ሲጎርሱት ይፈነዳል። እናቴ የተላጠውን ዕንቁላል ወደ ወጡ ከመጨመሯ በፊት ዙሪያውን በቢላ ትተለትለው ነበር፤ እርግጥ እሷ ያሰበችው ለእንፋሎቱ መውጫ ሳይሆን ለቁሌቱ መግቢያ ነው። የዘንድሮውን ዕንቁላል ሳይተለትል የጨመረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለቤቱ ሰላም ስል ግን አልናገርም።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ዶሮዪቱ እንኳ ለዚያ ጉዞ 21 ቀን ታቅፋ ትጠብቃለች፤ የእኛ ሰው ሁለት ደቂቃ ሰጠውና ዕንቁላሉ በእግሩ መሄዱን ትቶ በረረ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ግማሽ ቀን የፈጀን፣ 12 ብልቱ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የገባበትን ወጥ፣ ረጋ ባለ እሳት ላይ ጥዶ አሥር ደቂቃ መታገሥ ምን ይከብዳል?

ነገሩ ግን የዘር ነው። ከዓመታት በፊት ታላቅ ወንድማቸው ከአሜሪካ ሲመጣ ማይክሮዌቭ ተሸክሞ መጣ። የእነሱ አገር ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ መሆኑን፣ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 መሆኑን፣ ያለ ትራንስፎርመር የሚሰካ ሰው እንደሚጸጸት በትሕትና ነገርኩት። እሱ አዳፕተር ከኪሱ አወጣ፤ አዳፕተር የሶኬቱን ቀዳዳ እንጂ ቮልቱን እንደማይለውጥ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ቤቱ በጭስ ተሞላ። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ቤት የሚነገረው «የአገራችን መብራት አቃጠለው» ተብሎ ነው። ሬሳው «የወንድሜ ስጦታ» ስለሆነ አይጣልም፤ ዳንቴል ለብሶ ቡፌው ላይ የዳቦ ማስቀመጫ ሆኖ ይኖራል። የሚሠራውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ የተለሰነውም የእኔው ነው።

ማግኔትሮን የሚባለው የሞገድ አመንጪ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ የቀለጠበት አሜሪካዊው መሐንዲስ ፐርሲ ስፔንሰር፣ በ1945 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግኝቱን ሲሞክር ዕንቁላል በአንዱ ባልደረባው ፊት ላይ ፈንድቶበት ነበር ተብሎ ይተረካል። እውነት ከሆነ፣ መሣሪያው ገና ሳይወለድ ያስጠነቀቀንን ነገር አማቼ በሌሊት ልብሱ ሆኖ እንደ አዲስ አረጋግጦታል።

ለማንኛውም ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አስገብቼ አፈላሁት፤ እንፋሎቱ የደረቀውን በርበሬ ሲያላቅቀው በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። ጣሪያውን ጨርሼ ወደ ጎኑ ስዞር አማቼ ሳህን ይዞ በስተኋላዬ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ሲጨርሱ ይለቁልኛል? ሽሮ ላሞቅ ነበር።»

ሳህኑ ክዳን የለውም።