የኮሌጃችንን የአይቲ ዕቅድ ማን ያውጣ?

አዳማ ያለው ኮሌጃችን የሦስት ዓመት የአይቲ ዕቅድ ሊያወጣ ነው። የውጭ አማካሪ ይግባ ወይስ አይግባ በሚለው ላይ ሁለት ባልደረቦቻችን አልተስማሙም።

ከሬጅስትራር፦
አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። የውጤት መዝገቡን የሠራው ልጅ ሥራ ሲለቅ ፓስዋርዱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተመራቂዎች ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለው ዋሉ። አንዷ ሥራ አግኝታ ትራንስክሪፕት አምጪ ተብላ ነበር፤ ቀኑ አለፈባት። ልጁ ክፉ አልነበረም። «ይህ ሰው ነገ ባይኖርስ?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ከውስጥ ሆኖ እንዲህ መጠየቅ ይከብዳል፤ ባልደረባህን የተጠራጠርክ ይመስላል። የውጭ ሰው ይሉኝታ አይዘውም።

ከአይቲ ክፍል፦
እትዬ፣ ያ ጉድ እኔንም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግን አማካሪ አምጥተን አናውቅም እንዴ? ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ መጣ፣ ሁለት ቀን አደረ፣ ወፍራም ሰነድ አስረክቦ ሄደ። ሰርቨሩ ቀን ከሌት ይሠራል ብሎ ነው ያቀደው። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩን የሚያስነሳው ጥበቃው ነው። ናፍታ ካለቀ እሱም ምንም ማድረግ አይችልም። በሚያዝያ ሙቀት የሰርቨር ክፍሉን በር ከፍተን በቬንትሌተር ነው የምናቀዘቅዘው። ጥበቃውን አንድ ቃል የጠየቀው የለም።

ደግሞ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልበት የኦንላይን ትምህርት ሶፍትዌር ግዙ አለን። በሐምሌ 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል ያ ሒሳብ አበቃለት። ሙድል የሚባለው የኦንላይን ትምህርት ሶፍትዌር በነፃ አለ፣ ኮዱም ክፍት ነው። ልጆቻችን ራሳቸው ይጭኑታል።

ከሬጅስትራር፦
በጥበቃው ነገር ልክ ነህ። ሙድል መጫንና ዕቅድ ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እኛ አሁንም የተማሪ ውጤት በፍላሽ እናዞራለን። የትኛው መዝገብ የት ይቀመጥ፣ ማን ይየው፣ መቼ ይጥፋ የሚለውን የሚመልስልን ሰው ከውስጥ አለ?

ከአይቲ ክፍል፦
የለም፣ አልክድም። እንግዲያው ለዚያ ጥያቄ ብቻ ይጠራ። ዕቅዱን እኛ እንጻፈው፤ እሱ ይተቸው። እስኪሄድ ድረስ ከእኛ አንድ ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ።

ከሬጅስትራር፦
እኛው ጽፈን? የመዝገቡ ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ ዛሬም ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ያንተ ነው፣ ወንድሜ።